አባ ዳሚየንና የሞሎካይ ግዞተኞች፤ ሥጋ ደዌ፣ ሕግና የባዕድ አገዛዝ በሐዋይ

መግቢያ

ከሐዋይ ደሴቶች መካከል አንዷ ሞሎካይ ትባላለች። ከዚህች ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ ላይ እንደ ምላስ ወደ ባሕሩ የወጣ ዝቅ ያለ መሬት አለ። ሦስቱ ጎኑ ባሕር ነው። በአራተኛው ጎኑ ደግሞ በመቶዎች ሜትር የሚለካ ቀጥ ያለ ገደል ቆሟል። ግንብ መገንባት ሳያስፈልግ ተፈጥሮ ራሷ እስር ቤት የሠራችበት ቦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1866 ጀምሮ እስከ 1969 ድረስ ስምንት ሺህ ገደማ ሰዎች ወደዚህ ቦታ ተግዘዋል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወንጀላቸው ምን ነበር? መታመማቸው ብቻ።

ስለዚህ ቦታ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ስም ነው፤ እሱም የቤልጂጉ ቄስ የአባ ዳሚየን ስም ነው። የአባ ዳሚየን ሕይወት ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ገድል ነው። ገድልነቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የቄሱን ደግነት ብቻ እያየን ከሄድን አንድ ትልቅ ጥያቄ ያመልጠናል፤ ለመሆኑ እነዚያን ሕሙማን እዚያ ገደል ሥር ማን ጣላቸው? ይህ ጽሑፍ የአባ ዳሚየንን የሕይወት ታሪክ እየተከተለ ሁለቱን ነገር፣ ማለትም ሰውየውንና ሕጉን፣ ጎን ለጎን ለማየት ይሞክራል።

ልጅነትና ጥሪ

የአባ ዳሚየን የመጀመሪያ ስማቸው ዮሴፍ ዴ ቮይስተር ነው። የተወለዱት ጥር 3 ቀን 1840 በቤልጂግ ትሬሜሎ በምትባል መንደር ሲሆን፣ አባታቸው እህል እያረሱም እየነገዱም የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ፍላማንድኛ ተናጋሪና ሃይማኖተኛ ነበር። ሁለት እህቶቻቸው መነኮሳት ሆነዋል፤ ታላቅ ወንድማቸውም የኢየሱስና የማርያም ቅዱሳን ልቦች ወደሚባለው ማኅበር ገብተው አባ ፓምፊል ተብለዋል። አባትየው ዮሴፍን ለንግዱ ስላጩአቸው ፈረንሳይኛ እንዲማሩ ወደ ትምህርት ቤት ላኳቸው። እሳቸው ግን በ1859 የወንድማቸውን ፈለግ ተከትለው ሉቨን ከተማ ወዳለው ገዳም ገቡ፤ ዳሚየን የሚለውንም ስም ያኔ ወሰዱ።

አለቆቻቸው መጀመሪያ ላይ ለክህነት የሚበቃ ትምህርት የላቸውም ብለው ነበር። ዳሚየን ታዲያ በወንድማቸው እርዳታ ላቲን እያጠኑ አስተያየቱን አስቀየሩ። በ1863 አባ ፓምፊል ወደ ሐዋይ ለሚስዮናዊነት ሊሄዱ ተዘጋጅተው ሳለ በታይፈስ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። ዳሚየን የቅርብ አለቃቸውን ዘለው በቀጥታ ፓሪስ ላሉት ለማኅበሩ የበላይ ጻፉና በወንድማቸው ምትክ ለመሄድ ፈቃድ አገኙ። ይህ አለቃን የመዝለል ጠባይ ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም፤ ወደኋላ እንደምናየው ለሕሙማኑ የጠቀመውን ያህል ለራሳቸው ብዙ ጠላት አፍርቶላቸዋል።

ከወራት የባሕር ጉዞ በኋላ መጋቢት 19 ቀን 1864 ሆኖሉሉ ደረሱ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ቅስና ተቀበሉና ትልቋ ሐዋይ ወደምትባለው ደሴት፣ በመጀመሪያ ፑና ቀጥሎም ኮሃላ ወደሚባሉ ወረዳዎች ተላኩ። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲቆዩ የሐዋይኛ ቋንቋ ለመዱ፤ አናጢነትም በእጃቸው ገባ። እንጨት ቆርጠው፣ ቆርቆሮ መትተው ጸሎት ቤት ይሠሩ ነበር። ይኸው የእጅ ሙያ ነው በኋላ ከስብከታቸው እኩል የጠቀመው።

ሕጉ ከየት መጣ?

እንግዲህ እዚህ ላይ የሐዋይን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል። የእንግሊዙ መርከበኛ ጄምስ ኩክ በ1778 ከመጡ በኋላ የባዕድ በሽታዎች፣ ማለትም ፈንጣጣ፣ ኩፍኝ፣ ኢንፍሉዌንዛና የአባለዘር በሽታዎች፣ ሕዝቡን እንደ እሳት በሉት። በኩክ ዘመን የነበረው ሕዝብ ቁጥር እስካሁን የሚያከራክር ቢሆንም ዝቅተኛው ግምት እንኳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። በ1872 በተደረገው ቆጠራ ግን የውጭ ተወላጆች ተጨምረውበት እንኳ የደሴቶቹ ነዋሪ ከስልሳ ሺህ በታች ነበር። አንድ ሕዝብ እየጠፋ ነበር ማለት ነው።

ሐዋይ በዚያን ጊዜ በስም ነፃ መንግሥት ነበረች፤ ንጉሥም ፓርላማም ነበራት። በተግባር ግን ሚኒስትሮቹ፣ ዳኞቹ፣ ሐኪሞቹና የጤና ቦርዱ አባላት አብዛኞቹ አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ነበሩ። መሬቱም ቀስ በቀስ ወደ ሸንኮራ ባለሀብቶች እጅ እየገባ ነበር። ለሸንኮራው ደግሞ ከቻይና፣ በኋላም ከሌሎች አገሮች የቀን ሠራተኛ ይመጣ ነበር። ስለዚህ ሐዋይ ገና ባንዲራዋ ሳይወርድ በባዕድ እጅ የምትመራ አገር ሆና ነበር ብንል አንሳሳትም።

ሥጋ ደዌ የታየው በዚህ መሐል ነው። ሐዋያውያን በሽታውን ማይ ፓኬ፣ የቻይና በሽታ ማለት ነው፣ ይሉት ጀመር። እርግጥ ከቻይና መምጣቱ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ባለሥልጣናቱ በሽታው ወደ ነጮቹም እንዳይዛመት፣ ንግዱም እንዳይበላሽ ሰጉ። ጥር 3 ቀን 1865 ንጉሥ ካሜሃሜሃ 5ኛ የሥጋ ደዌን መዛመት ለመከላከል የወጣውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የተጠረጠረን ሰው ይዞ ለምርመራ ማቅረብን፣ በሽታው ከተገኘበትም ለይቶ ማስቀመጥን ፈቀደ። ጥር 6 ቀን 1866 የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ሕሙማን፣ ዘጠኝ ወንዶችና ሦስት ሴቶች፣ ከሞሎካይ ጠረፍ ካላዋኦ ተብሎ ከሚጠራው ቦታ ተራገፉ።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለበሽታው ሌላ ስም አወጣለት፤ ማይ ሆኦካአዋሌ፣ ማለትም የመለያየት በሽታ። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ሐዋያውያንን ከቁስሉ ይልቅ ያቆሰላቸው እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ መነጠሉ ነበር። ለሐዋያዊ የታመመን ዘመድ ጥሎ መሸሽ ነውር ነው፤ አብሮት ይበላል፣ አብሮት ይተኛል። ባለሥልጣናቱ ይህን እንደ ድንቁርና ቆጠሩት። ሕዝቡ ደግሞ የባለሥልጣናቱን ሥራ እንደ ጭካኔ ቆጠረው። ብዙ ቤተሰብ ሕሙማኑን በየሸለቆውና በየዋሻው ይደብቅ ነበር።

ካላዋኦ

የጤና ቦርዱ ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያምር ነበር። ሕሙማኑ መሬት ይሰጣቸዋል፤ አርሰው፣ ከብት ጠብቀው ራሳቸውን ይችላሉ ተባለ። ጣቱ የተቆረጠ፣ እግሩ የቆሰለ ሰው እንዴት አድርጎ ያርሳል? ማንም አልጠየቀም። ምግብ፣ ልብስና መድኃኒት የሚያመጡት መርከቦች ባሕሩ ሲናወጥ ሳይመጡ ይቀራሉ። ቋሚ ሐኪም አልነበረም። ውሃ ከሩቅ ይቀዳል። የሞተው ሰው ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሳጥን ይቀበራል። ሕግ የለም፣ ዳኛ የለም፤ ጉልበት ያለው የደካማውን ይነጥቃል። ይህን ሥርዓት አልባነት እያዩ ሚስዮናውያኑ የሕሙማኑን ጠባይ ይወቅሱ ነበር። ግን ሞት የተፈረደበትን ሰው ያለ ምግብ በረሃ ላይ ጥለው ሥነ ምግባር መጠየቅ ምን ያህል ፍትሐዊ ነው?

በ1873 ጳጳሱ ሉዊ ማይግሬ ለካቶሊክ ሕሙማን ቄስ ለመላክ ሲያስቡ፣ አንድን ሰው ለዘለቄታው እዚያ መመደብ የሞት ፍርድ መሰላቸው። አራት ቄሶች በየተራ ለተወሰነ ጊዜ እንዲሄዱ ተስማሙ። የመጀመሪያው ተረኛ አባ ዳሚየን ነበሩ። ግንቦት 10 ቀን 1873 ከጳጳሱ ጋር ካላዋኦ ደረሱ። ዕድሜያቸው 33 ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያሳለፉት ቤት ስላልነበራቸው ፓንዳነስ በሚባል ዛፍ ሥር ነው። ተራው ግን ለሌላ ሰው አልደረሰም፤ እሳቸው ራሳቸው እንዲቀሩ ለመኑ፣ ቀሩም።

ብዙም ሳይቆይ የጤና ቦርዱ ከመንደሩ መውጣት ከለከላቸው። የማኅበሩ አለቃ በመርከብ ሊጎበኟቸው ቢመጡ ካፒቴኑ መውረድም መውጣትም አይቻልም አለ። አባ ዳሚየን በትንሽ ጀልባ ወደ መርከቧ ተጠግተው ኃጢአታቸውን ከታች ወደ ላይ እየጮሁ በፈረንሳይኛ ተናዘዙ ይባላል።

ሥራቸው ምን ነበር ብንል ስብከት ብቻ አልነበረም። ቁስል ያጥባሉ፣ ያሽጋሉ። ቤት ይሠራሉ። ከሸለቆው ውሃ በቧንቧ እንዲመጣ ቦርዱን ወጥረው ይዘው ቧንቧውን ሲያገኙ ከሕሙማኑ ጋር ሆነው ዘረጉት። ወላጅ ለሌላቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ማደሪያ አቋቋሙ። የሙዚቃ ጓድና መዘምራን አደራጁ፤ ጣት የጎደላቸው ሰዎች ተረዳድተው መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። የሬሳ ሳጥን በመቶዎች የሚቆጠር በእጃቸው ሠርተዋል፤ መቃብርም ቆፍረዋል። ሰው በክብር መቀበሩ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም እንደ ቆሻሻ ተጥያለሁ ብሎ ለሚያስብ ሕመምተኛ ሳጥኑና ደወሉ ትልቅ ትርጉም ነበራቸው።

ከሁሉም በላይ የሐዋያውያኑን ልብ የገዛው አብሮነታቸው ነው። ከጎደሬ የሚሠራውን ፖይ የሚባል ምግብ ከሕሙማኑ ጋር ከአንድ ገበታ ይበሉ ነበር፤ ፒፓቸውንም ለሚለምናቸው አይነፍጉም ነበር። ለሆኖሉሉ ሐኪሞች ይህ እብደት ነበር። ለሐዋያውያን ግን ማንኛውም ዘመድ የሚያደርገው ነገር ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ አባ ዳሚየን የዘመናቸው ሰው ነበሩ። የሕሙማኑን ባህላዊ ጭፈራና መጠጥ አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ ምርኩዛቸውን ይዘው የመጠጥ ማኅበር ይበትኑ እንደነበር ይነገራል። ቁጡና ግትር ነበሩ። ረዳት ሆነው ከመጡላቸው ቄሶች ጋርም አልተስማሙም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ብቻቸውን አልነበሩም

በገድሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ይህ ነው። በካላዋኦ ሕሙማንን የሚረዳ ሰው አባ ዳሚየን ከመምጣታቸው በፊትም ነበረ። ሐዋያውያን ኮኩዋ ይሏቸዋል። ኮኩዋ ማለት ራሱ ሳይታመም የታመመ የትዳር ጓደኛውን ወይም ልጁን ተከትሎ ወደ ግዞት የሚሄድ ረዳት ነው። ዮናታን ናፔላ የታወቁ ሐዋያዊ የሞርሞን እምነት መሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ኪቲ ስትታመም በ1873 አብረዋት ገቡ፤ በሽታው ያዛቸውና በ1879 እዚያው ሞቱ። ከአባ ዳሚየን ጋር በሃይማኖት ቢለያዩም ወዳጆች ነበሩ። ዊሊያም ራግስዴል የተባሉት የግማሽ ሐዋያዊ ዘር ያላቸው የሕግ ሰውና አስተርጓሚም ሕመማቸውን ሲያውቁ ራሳቸውን ለባለሥልጣናት ሰጥተው የመንደሩ አስተዳዳሪ ሆነዋል። የንግሥት ኤማ የአጎት ልጅ ፒተር ካኤኦም ከ1873 እስከ 1876 እዚያ ተግዘው ለንግሥቲቱ የጻፏቸው ደብዳቤዎች የመንደሩን ኑሮ ከሕሙማኑ ወገን ሆነው የሚያሳዩ ውድ ምንጮች ናቸው።

ታዲያ የናፔላ መሥዋዕትነት ከአባ ዳሚየን በምን ያንሳል? ዓለም የአንዱን አውቆ የሌላውን ያላወቀው ለምንድን ነው? መልሱ ግልጽ ይመስለኛል። አውሮፓ ውስጥ ጋዜጣ ያነብ የነበረው ሰው ጀግናው እንደ ራሱ አውሮፓዊ እንዲሆን፣ ሐዋያውያኑ ደግሞ ተረጂ ብቻ እንዲሆኑ ይፈልግ ነበር። ይህም ራሱ የቅኝ አገዛዝ አስተሳሰብ አንዱ ገጽታ ነው።

በሽታው በራሳቸው ላይ

አባ ዳሚየን ካላዋኦ በገቡበት በዚያው በ1873 በኖርዌይ በርገን ከተማ ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አገኙ። በሽታው በዘር ይወረሳል የሚለው ሐሳብ እየተናጋ፣ ይተላለፋል የሚለው እየጠነከረ ሄደ። ይህ ዕውቀት ታዲያ ለሕሙማኑ እፎይታ ሳይሆን ተጨማሪ መከራ ነው ያመጣው። ሃንሰን ራሳቸው አንዲት ሕመምተኛን ሳያስፈቅዱ ከሌላ ሕመምተኛ በተወሰደ ነገር ዓይኗን ወግተው ተከሰሱና በ1880 ፍርድ ቤት የሆስፒታል ሥራቸውን አሳጣቸው። ሐዋይ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አልነበረም። በ1884 ጀርመናዊው ሐኪም ኤድዋርድ አርኒንግ ኬአኑ የተባለውን ሞት የተፈረደበት ሐዋያዊ፣ ፍርዱ እንዲቀልለት በሚል ስምምነት፣ የሥጋ ደዌ ቁራጭ ክንዱ ውስጥ አስገቡበት። ኬአኑ ታመመ፤ በ1892 ካላዋኦ ውስጥ ሞተ። ዘመዶቹ ውስጥም በሽታው ያለባቸው ሰዎች ስለነበሩ ሙከራው በሳይንስ ረገድ እንኳ ምንም አላረጋገጠም።

በ1884 መጨረሻ ላይ አባ ዳሚየን እግራቸውን የፈላ ውሃ ውስጥ ሲከቱ ቆዳው ቢላጥም ሕመሙ አልተሰማቸውም። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሽታው ሥጋ ደዌ መሆኑ በምርመራ ታወቀ። በ1886 ለሕክምና ወደ ሆኖሉሉ ሄደው ነበር፤ ነገር ግን ለውጥ አላመጣም። የመታመማቸው ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ከእንግሊዝ ሳይቀር፣ ካቶሊክ ካልሆኑ ሰዎች ጭምር፣ ገንዘብ ጎረፈላቸው። ይህም የሐዋይን መንግሥትና የራሳቸውን የማኅበር አለቆች አስከፋ፤ ሥራችንን ሁሉ እንዳልሠራን አስመሰሉት ብለው ወቀሷቸው።

ረዳቶች የመጡት በመጨረሻ ነው። አሜሪካዊው የቀድሞ ወታደር ጆሴፍ ደተን በ1886፣ እመምኔት ማሪያን ኮፕ ከፍራንሲስካውያን እህቶቻቸው ጋር በ1888 ደረሱ። አባ ዳሚየን የጀመሩትን ሥራ በአስተማማኝ እጅ ትተው ሚያዝያ 15 ቀን 1889 በ49 ዓመታቸው አረፉ። የተቀበሩትም መጀመሪያ በመጡ ጊዜ ባደሩበት ዛፍ ሥር ነው።

ከሞት በኋላ የተነሳው ክርክር

መቃብሩ ሳይደርቅ ሐሜቱ ተነሳ። ሆኖሉሉ የነበሩት የፕሮቴስታንት ቄስ ቻርልስ ሃይድ ለባልደረባቸው በጻፉት ደብዳቤ አባ ዳሚየንን ቆሻሻ፣ ግትርና ከሴት ጋር ንጽሕና የጎደላቸው አድርገው አቀረቧቸው። ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በ1889 ካላውፓፓን ጎብኝቶ የነበረው ስኮትላንዳዊ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1890 በግልጽ ደብዳቤ መልስ ሰጠ፤ ይህ መልስም የአባ ዳሚየንን ዝና ይበልጥ አገነነው።

የሃይድ ክስ ከየት እንደመጣ መረዳት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ሐኪሞች ሥጋ ደዌ የቂጥኝ አንድ ደረጃ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ የታመመ ሁሉ በዝሙት የታመመ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ሐዋያውያንም የሚያልቁት በራሳቸው ኃጢአት ነው ይባል ነበር። ሃይድ በቄሱ ላይ የለጠፉት ስም ባለሥልጣናቱ በሕዝቡ ላይ ለዓመታት ሲለጥፉት የኖሩት ስም ነው። ልዩነቱ ለቄሱ የሚከራከርላቸው ታዋቂ ደራሲ መገኘቱ ብቻ ነው። ለሐዋያውያኑስ?

የሚከራከርላቸው ሲያጡ ራሳቸው ተከራከሩ። በ1893 የሸንኮራ ባለሀብቶችና ደጋፊዎቻቸው ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋን አወረዱ። አዲሱ መንግሥት ወዲያው የግዞት ሕጉን አጠበቀ። በካዋይ ደሴት ኮኦላው የተባለ ከብት ጠባቂ፣ ባለቤቴ ፒኢላኒ አብራኝ ካልሄደች አልሄድም ብሎ ካላላው ሸለቆ ውስጥ ሸፈተ። ሊይዘው የመጣውን ሹም ገደለ። መንግሥት መድፍ የያዙ ወታደሮች ላከበት፤ ከነሱም ገደለ። ሳይያዝ ከሚስቱና ከታመመ ልጁ ጋር በሸለቆው ኖሮ ሁለቱም እዚያው ሞቱ። ፒኢላኒ ብቻዋን ተመልሳ ታሪኩን ተናገረች፤ በ1906ም በሐዋይኛ ታተመ። ሐዋይ በ1898 ወደ አሜሪካ ተጠቃለለች።

የአባ ዳሚየን ሞት በሌሎች ቅኝ ግዛቶችም ያስከተለው ነገር አለ። በ1889 እንግሊዝ ውስጥ ለመታሰቢያቸው ገንዘብ ተሰብስቦ ወደ ሕንድ አጥኚ ኮሚሽን ተላከ። ኮሚሽኑ በ1890 እና 1891 አጥንቶ በሽታው በቀላሉ የማይተላለፍ ስለሆነ የግዴታ ግዞት አያስፈልግም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ሰሚ ግን አላገኘም። በ1897 በርሊን የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ መለየትን ደገፈ፤ በ1898 ሕንድ ውስጥ የወጣው ሕግ ደግሞ በተለይ ያነጣጠረው ለማኝና ድኃ ሕሙማን ላይ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ሮበን ደሴት ላይ ከ1846 ጀምሮ ሕሙማን ይቀመጡ ነበር፤ ከ1892 በኋላ ግዴታ ሆነ። አሜሪካውያንም በ1906 በፊሊፒንስ ኩሊዮን ደሴት ላይ የሞሎካይን ዓይነት መንደር ከፈቱ። ኖርዌይ በበኩሏ ለራሷ ዜጎች በ1885 ባወጣችው ሕግ ሕመምተኛው የራሱ ክፍልና አልጋ ካለው ቤቱ እንዲቆይ ፈቅዳ ነበር። በሽታው አንድ፣ ሕጉ ሁለት። ደሴት የተቆረጠላቸው ተገዢ ሕዝቦች ነበሩ።

ማጠቃለያ

ዛሬ እንደሚታወቀው ከሰው ልጆች አብዛኛው ለሥጋ ደዌ በተፈጥሮው አይጋለጥም፤ በሽታውም ቀስ ብሎ የሚተላለፍ ነው። በ1940ዎቹ የሰልፎን መድኃኒቶች መጡ፤ ከ1981 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የተቀናጀ መድኃኒት በሽታውን ፈጽሞ ያድናል። ሆኖም መድኃኒቱ ካላውፓፓ ከደረሰ በኋላ እንኳ የሐዋይ የግዞት ሕግ እስኪሻር 1969 መድረስ ነበረበት። ሕግ አንዴ ከወጣ ምክንያቱ ቢጠፋም ይኖራል። በ1936 የአባ ዳሚየን አስከሬን ወደ ቤልጂግ ተወሰደ፤ በ1995 ብፅዕና ሲታወጅላቸው ቀኝ እጃቸው ወደ ካላዋኦ ተመለሰ። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ሮም ውስጥ ቅዱስ ተባሉ።

ለኛ ለታሪክ ተማሪዎች ይህ ሕይወት የሚያስተምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አንድን ደግ ሰው ስናመሰግን ደግነቱን አስፈላጊ ያደረገውን በደል መርሳት እንደሌለብን ነው። ሁለተኛው፣ በሽታ የሐኪም ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የእኛም ቋንቋ ከዚህ ነፃ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ያለውን ለምጽ፣ በሐኪም ቤት ያለውን ሥጋ ደዌና በሰፈር ለስድብ የሚወረወረውን ቃል እያምታታን ስንናገር ኖረናል። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ያደገ ሰው የሰፈሩን ስም ሲናገር የሰሚው ፊት እንዴት ሊለወጥ እንደሚችል ያውቃል። የሞሎካይ ገደል ድንጋይ ነበር፤ የኛው ደግሞ ቃል ነው። አባ ዳሚየንና ዮናታን ናፔላ ያደረጉት ነገር ገደሉን ወርደው ከሰዎቹ ጋር አንድ ገበታ መቅረብ ነበር፤ ቢያንስ ቃሉን መተው ደግሞ ከኛ ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ይመስለኛል።